እንስሪት ጎንደር ገበያ የወጣች ዕለት

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ እንቅልፍ የያዘው ሄዶ ይተኛ!

ድሮ፣ ዕቃም እንስሳም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ይታይሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። አርባ እንስራ ሠርታ ገዢ አጣች። ቢጨንቃት ከሁሉም ያማረችውን፣ እንስሪትን፣ መረጠችና እንዲህ አለቻት፦

«አንቺን ለናሙና ጎንደር ይዤሽ እወጣለሁ። ከተሜው ከወደደሽ እህቶችሽም ይሸጣሉ። ካልወደደሽ ሁላችሁንም ሰብሬ፣ ፈጭቼ፣ ከአዲስ ጭቃ ጋር አቦካችኋለሁ። ምን ላድርግ፣ ልጆቼ ይብሉ!»

እንስሪት «ወይኔ፣ እህቶቼ!» አለች።

ጥግ የተቀመጠው ሽማግሌው ጋን ይህን ሰምቶ ጠራት። ጋን እንኳን ጎንደር፣ ደጃፍም ወጥቶ አያውቅም፤ ምክር ግን ሞልቶታል።

«ስሚኝ ልጄ፣ ከተሜ ሌባ ነው። ቢያንኳኳሽ አትመልሺ። ቢሰድብሽ አትመልሺ። ትንፋሽሽን ዋጥ አድርገሽ ዝም!»

«እሺ አባባ» አለች።

በጭድ ተጠቅልላ፣ አህያ ላይ ተጭና ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ጎንደር ስትደርስ ግንቡን አየችና «በስመ አብ!» አለች። «አያ አህዮ፣ ያ ሁሉ ድንጋይ እንዴት እዚያ ላይ ወጣ?»

«በእኛ ጀርባ ነዋ! ሲመረቅ ግን የጠራን የለም።»

«ይህ ሁሉ ሰውስ ውሃ የሚቀዳው በምንድን ነው?»

«በእንስራ።»

«እሰይ! እህቶቼ ተረፉ በለኛ!» አለች፤ ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአገሯ ይታይሽን የማያምን ስለሌለ፣ ዕቃዋን አንኳኩቶ የገዛ ሰው አልነበረም። ከተሜ ግን ሳያንኳኳ አይገዛም፤ ድምፁን ሰምቶ ነው ደህናውን ከተሰነጠቀው የሚለየው።

መጀመሪያ አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት መጣች። ኳ ኳ አደረገቻት። እንስሪት ትንፋሿን ዋጠች። ዱፍ!

«ውይ፣ ይቺማ ተሰንጥቃለች» ብላ ሴትየዋ ሄደች።

«ሰደበችኝ! አባባ ጋን ምን ይሳታል!» አለች እንስሪት በልቧ፣ ዝም በማለቷ እየኮራች። አይ ሞኝነት!

ቀጥሎ አንድ ቄስ መጡ። ኳ ኳ። ዱፍ!

«ልጄ፣ የተሰነጠቀ ዕቃ መሸጥ ኃጢአት ነው» አሏት ይታይሽን።

«ኧረ አባቴ፣ ደህና ናት! በእጄ የሠራኋት!»

«ጆሮዬን ልጠራጠር እንዴ?» ብለው አለፉ።

ገበያው ሊፈታ ሆነ። ይታይሽ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ «በቃ፣ ነገ እፈጫችኋለሁ» አለች።

በዚህ መሀል ወይዘሮ ትሁኔ የተባለች ጠላ ጠማቂ እጇን ዘርግታ ስትመጣ አህያ አየና ተቆጣ። «አንቺ! ምን ነክቶሽ ነው ድምፅሽን የምትውጪው?»

«አባባ ጋን ቢያንኳኩሽ ዝም በይ ብሎኝ ነዋ!»

«ጋን ከተማን የት ያውቃትና! የሚያንኳኩሽ እኮ ‹ደህና ነሽ ወይ?› እያሉሽ ነው። ደህና ነሽ ወይ ለሚልሽ ሰው ‹እግዚአብሔር ይመስገን› አይባልም? ተይ፣ እህቶችሽ ሊፈጩ ነው!»

ወይዘሮ ትሁኔ አንኳኳች። እንስሪት የዋጠችውን ትንፋሽ ሁሉ ለቀቀችው።

ድንንንን!

ገበያተኛው ዞሮ አየ። «እሰይ! ይቺማ ደወል ናት!» አለች ወይዘሮ ትሁኔ። «ልጄን ልድር ነው፤ ሌላም አለሽ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ አለኝ!»

«ሁሉንም አምጪልኝ።»

ይታይሽ እንባዋን ሳትጠርግ እልል አለች። እንስሪትም «እፎይ!» አለች፤ ሆዷ ባዶ ነውና እፎይታዋ እስከ ገበያው ዳር ተሰማ። እህቶቿም በተከታዩ ቅዳሜ ሁሉም ወይዘሮ ትሁኔ ቤት በደህና ገቡ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እንስሪትማ ለጥቂት የአርባ ነፍስ ዕዳ ልትሸከም ነበር።