አንጓችና የጓሮዋ ቀጋ

በጥንት ጊዜ፣ አውሬ ከሰው ጋር ዳኛ ፊት ቆሞ በሚሟገትበት ዘመን፣ ዝናብ አንዴ ሰጥቶ ደጋግሞ በሚነፍጋት አገር አንጓች የምትባል ንብ አርቢ ነበረች አሉ።

አንድ በጋ አበባው ሁሉ ረገፈና ንቦቿ ቀፏቸውን ጥለው ኮበለሉ። ጎረቤቶቿም፣ «ንብ የሸሸው አገር ለሰው አይሆንም፤ ተነሽ እንሂድ» አሏት።

«እናንተ ሂዱ፤ እኔ ንቦቼን እመልሳለሁ» አለችና ከገደል አፋፍ የቀጋ ችግኝ ነቅላ ጓሮዋ ተከለች። ቀጋ፣ ልጆች፣ እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ ሌላው ሲጠወልግ ግን እሱ ነጭ አበባውን ያፈካል።

አያ ዝንጀሮ አጥሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣
«አንጓች፣ ምን ተከልሽ?»
«ቀጋ።»
«እሾህ ተክለሽ ማር ልትበዪ?»
«እሾህ ተክዬ ማር እበላለሁ!»

ፍየሎች ገብተው ችግኙን ጋጡት። አንጓች ተናደደች፣ አለቀሰችም። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሌላ ተከለችና ዙሪያውን በግራር እሾህ አጠረችው።

«አንጓች፣ ዛሬስ ምን ተከልሽ?»
«ቀጋ!»
«እሾህ ተክለሽ ማር ልትበዪ?»
«እሾህ ተክዬ ማር እበላለሁ አልኩህ!»

ወንዙ ከቁልቁለቱ ማዶ ነበርና ውሃ ቀድቶ፣ ቀጋውን አጠጥቶ እርሻ መዋሉ ወገቧን ቆረጠው። ዝንጀሮ ይህን አይቶ፣ «ምነው እመቤቴ! በቅል ቀድተሽ አጥሩ ሥር አስቀምጪልኝ፤ አንቺ እርሻ ስትውዪ እኔ አጠጣዋለሁ። ከማሩ ድርሻዬን ትሰጪኛለሽ» አላት። አመነችው።

ዝንጀሮ ሆዬ ውሃውን በየቀኑ ግጥም አድርጎ ይጠጣና አፉን ይጠርጋል።
«አጠጣኸው?»
«እስኪጠግብ!»

አንድ ቀን ከእርሻ ቀደም ብላ ብትመለስ አንጋጦ ቅሉን ሲጨልጥ አገኘችው። በድንጋይ አባረረችው። ሮጣ ቀጋውን ብታይ ግን አልደረቀም። አፈሩን ብትጭር ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወርዷል። «ለካ አንተም እንደኔ ግትር ነህ! እንግዲያ ማን ይነቅለናል?» አለችው።

ክፉ ድርቅ መጣ። ባቄላው ነደደ፤ ወንዙ ጠጠር ሆነ። የአንጓች ቀጋ ግን ከጣሪያዋ በላይ ገዝፎ አበባ በአበባ ሆነ፤ ሽታው ሸለቆ ተሻገረ። አንድ ጧት ጓሮው በጥዝዝታ ተሞላ። ንቦቹ! አንጓች የሞላውን ቀፎ ደባበሰች።

ማሩ ሲቆረጥ አያ ዝንጀሮ ከተፍ አለ።
«ድርሻዬስ?»
«ውሃውን ጠጥተህ የምን ድርሻ?»
«ባልጠጣበት ኖሮ ሥሩ እንዲህ ይጠልቅ ነበር? ያጠነከርኩት እኔ አይደለሁ!»

አንጓች ሳቀች። «እውነትህን ነው። ታዲያ ውለታህን ልመልስ፤ ድርሻህን እየበላሁ እኔም አንተን ላጠንክርህ!» አለችና ጣቷን ላሰች።

ዝንጀሮ ተናዶ ቀፎውን ሊነጥቅ ቢዘል የቀጋው እሾህ ጨምድዶ ያዘው፤ ንቦቹም መቀመጫውን ለበለቡት። እየጮኸ ገደል ለገደል ነጎደ፤ መቀመጫውም እንደቀላ ቀረ።

ለዚህ ነው አበው፣ «የነፈጉት ሥር ይጠልቃል፣ የነፈገ እጅ ይደርቃል» የሚሉት።