ሰንጢው፣ ካራውና የሸህ ሙዘይን ዝምታ

በአላህ ስም ጀምረን፣ ከአባቶች አፍ የወረደውን እንዲህ እናውጋው። ከቆላ የሚመጣ ግመል ከደጋ ከሚወርድ የጭነት መኪና ጋር በሚገናኝባት አንዲት የጥንት ከተማ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። የከተማዋን ስም መጥራት ለነገራችን አያስፈልግም። ሸሁ ኪታብ ያስተምራሉ፤ አገሬው ግን ከኪታባቸው ይልቅ የሚያውቃቸው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነው። በየዓመቱ በአረፋ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት በኋላ፣ አራጆች ሁሉ ለነገ ያዘጋጁትን ካራ ይዘው መስጊዱ ግቢ ይሰበሰባሉ። ሸሁ ስለቱን ጥፍራቸው ላይ ቀስ አድርገው ይስቡታል። ካራው ጥርስ ካለው ጥፍሩ ይነግራቸዋል፤ ባለቤቱም ሳይከራከር ወደ ሞረዱ ይመለሳል። የሚታረድ እንስሳ በደነዘዘ ብረት መሰቃየት የለበትም፤ ይህ ሐቁ፣ በእኛ ላይ ያለው መብቱ ነው።

ካራዎቹን የሚሠራው ይማም የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ፣ ከጠንካራው የሞላ ብረት፣ እየቀጠቀጠ የሚያወጣው ካራ አባት ለልጅ የሚያወርሰው ነው። እጀታው ላይ ሁለት ነጥብ ይመታበታል፤ ያንን ያየ ሁሉ የይማም እጅ ነው ይላል።

በዚያ ዓመት አረፋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፉአድ የሚባል ነጋዴ ከወደብ አዲስ ሰንጢ ይዞ መጣ። ሰንጢ ሲባል ያቺ ብርቱካን የምንልጥባት አይደለችም። እጀታው ከቀንድ ነው፤ ስለቱ ከመዳፍ ይረዝማል፣ ጀርባው ወፍራም ነው፤ ሲከፈት «ቀጭ!» ብሎ ይቆለፋል። መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ምላስ ካልተጫኗት በቀር አይታጠፍም። የገበያው ወንድ ሁሉ ሥራ ፈትቶ እሱን ከበበ።

«ይህ ቢላዋ አይደለም፤ የታጠፈ መጥረቢያ ነው» አለ ሥጋ ሻጩ ሙህዬ፣ እየከፈተ እየዘጋ። «የበሬ ጉልበት ይከፍላል፣ ወላሂ!»

«እኔ ወገብ ያለው ብረት አላምንም» አለ ቆዳ ነጋዴው እንድሪስ። «ዛሬ ለአንተ የታጠፈ ነገ በጣትህ ላይ ይታጠፋል።»

«መቆለፊያ አለው እኮ!»

«በርም መቆለፊያ አለው። ታዲያ ሌባ ቀረ?»

«ኪስ ይገባል። በጉ ሳያይህ አንገቱ ላይ ትደርሳለህ። ሱናውስ ይኸው አይደል?»

«ቀጭ ሲል ይሰማሃላ! በግ ጆሮ የለውም ያለህ ማነው?»

ሦስት ቀን እንዲህ ሲነታረኩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ሸህ ሙዘይን ይሞክሩትና ይፍረዱ ተባለ። እሳቸው ያሳለፉትን ብረት ሁሉም ይገዛዋል፤ የጣሉትን ማንም አይነካውም። ፉአድ አንዱን ሰንጢ በሰው ፊት አስረከባቸው።

ይማም ይህን ሁሉ ከወናፉ ጀርባ ሆኖ ይሰማል። ሰንጢው ካለፈ የእሱ ነገር አበቃ። ስለዚህ ሸሁ ፍርድ ሳይሰጡ በፊት ብዙ ካራ ሠርቶ በርካሽ መሸጥ አለብኝ አለ። የቀረው ባሌስትራ ግን ከሦስት ካራ በላይ አላወጣለትም፤ አሮጌ ባሌስትራ የሚገዛበት ጋራዥም ባዶ ነበር። ከግንበኞች የተረፈ ፌሮ ለመነ። ፌሮ ሲሞርዱት ስለት ይቀበላል፤ መያዝ ግን አያውቅም። አንድ በግ፣ ቢበዛ ሁለት፤ ከዚያ ጠርዙ ይጠቀለላል። ይማም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም አሥራ አራት ካራ ቀጠቀጠ፣ ወለወለ፣ ሁለት ነጥቡን መታና ሸጠ። «ለዚህ አረፋ ብቻ ነው፤ በሚመጣው ወር በደህናው እለውጥላቸዋለሁ» አለ ለራሱ። ሸይጣን ሲመጣ መቼም ቀጠሮ ይዞ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ይማም ሰው ማመን ተወ። ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ስለ እሱ ነው፤ አንዱ ከሳቀ በእሱ ነው። አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ በዓይኑ አየ። ፉአድ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ሸህ ሙዘይን ቤት ገባ፤ ሲወጣ እጁ ባዶ ነበር። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ? የሚሸፍነው ነገር ያለበት ሰው የተሸፈነ ነገር ሁሉ ያስበረግገዋል።

«አላየሁም ብል ውሸቴን ነው» አለ ለሙህዬ። «ጠቅልሎ አገባላቸው። ፍርዱ ተገዝቷል።»

ሙህዬ ለእንድሪስ ነገረው፣ እንድሪስ ለጎረቤቱ። ወሬው ከተማዋን ዞሮ ይማም ዘንድ ሲመለስ ጥቅሉ ውስጥ ወርቅ ገብቶበታል። ሸሁን «አሰላሙ አለይኩም» የሚላቸው ሰው ሁሉ እጃቸውን እየሳመ ጣታቸውን ያይ ጀመር። እሳቸው ሰላምታውን በሙሉ ይመልሳሉ፤ ሌላ ቃል አይናገሩም። ዝምታቸውን ሰዉ ለጥፋታቸው ምስክር አደረገው።

ዋዜማው ደረሰ። ከተማው ጾሟል፤ ምላሱ ግን አልጾመም። ከአስር በኋላ ግቢው ሞላና ሸህ ሙዘይን አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ። ካራው ሁሉ በፊታቸው ተደረደረ። ገና እጃቸውን ሲዘረጉ ይማም ከመሐል ተነሣ።

«አባባ ሸህ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፉአድ ቤትዎ ጠቅልሎ ያገባው ምን ነበር?»

ፉአድ ቀልቶ አፉን ከፈተ፤ ሸሁ ቀና ብለው ሲያዩት መልሶ ዘጋው።

«አደራ ነው» አሉ ሸሁ።

«የማን አደራ?»

«የባለቤቱ።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እንድሪስ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ ሰንጢውን ከጎናቸው አነሡ።

«ይህ ብረት ደህና ብረት ነው። በፍየል ሞከርኩት፤ በአንድ ስበት ጨረሰ። መቆለፊያው አልከዳኝም። ለመንገደኛ፣ ለገመድ፣ ለቆዳ ይሁናችሁ። ነገር ግን አጥቤ አድርቄ ካስቀመጥኩት በኋላ መጋጠሚያውን በወስፌ ጫፍ ብነካው የትናንቱ ደም ወጣ። ርኩስ ነጃሳ የሚደብቅ ነገር ለእርድ አይሆንም።»

ፉአድ አዘነ። ሽማግሌው ለአገራቸው ልጅ አደሉ ብሎ በልቡ ጠረጠረ። ሌላው ግን ከዚህ የባሰ ነገር አሰበ፤ «መማለጃውን ወስደው ካዱት!» ተባባለ በሹክሹክታ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ አንዱን በር ብትዘጋበት በሌላው ይገባል። ሸሁ የይማምን አዳዲስ ካራዎች አንድ በአንድ በጥፍራቸው ሳቡ። ሁሉም አለፉ። «ዛሬ ስለታም ናቸው» አሉ፤ ከዚህ ያለፈ አልተናገሩም። ሰዉ ካራ ካራውን ይዞ ሲበተን ይማምን በእጃቸው ጠቀሱት።

ቤታቸው ወሰዱትና ነጩን ጥቅል እጁ ላይ አኖሩለት።

«አደራህን ተረከብ፣ ልጄ።»

ይማም በመገረም ፈታው። ካራ ነው። እጀታው ላይ ሁለት ነጥብ አለበት፤ ጠርዙ ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ፉአድ ከሰንጢው ጋር ሊያስተያየው ከአንተ ገዝቶት ኖሯል» አሉ ሸሁ። «በአንድ በግ እንዲህ ሆነበት። ገበያ መሐል አውጥቼ ላሳየው አለኝ። ነገሩን ለእኔ ተወው፣ ለማንም አታውራ ብዬ አስማልኩት። ባሌስትራ ጠፍቶህ እንደሆነ ገመትኩ። ራስህ መጥተህ ትነግረኝ እንደሆን ሦስት ቀን ደጅ ደጁን አየሁ። አልመጣህም።»

«አባባ ሸህ፣ ያን ሁሉ ሰው ሲስቅብዎ...»

«እሱን ተወው። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ጊዜ አለህ። ካራዎቹ ነገ አንገት ላይ ያርፋሉ። ካልሰበሰብካቸው እኔ ወጥቼ እናገራለሁ፤ የእንስሳው ሐቅም በእኔ ላይ አለና።»

ይማም እየሮጠ ወጣ። ከቤት ቤት እየዞረ «ካራዬን መልስልኝ፤ ፌሮ ነው፤ አታልያችኋለሁ» ማለት ጀመረ። አንዳንዱ ሰደበው፣ አንዳንዱ አውጥቶ ሰጠው። በምትኩ ያምናውን አሮጌ ካራ ይሞርድለታል፤ የተረፉትን ሦስቱን የባሌስትራ ካራዎች ደግሞ አሮጌ ለሌላቸው በነጻ ሰጠ። የመጨረሻው ቤት የሙህዬ ነበር።

«ማን ሰብስብ አለህ?» አለ ሙህዬ ካራውን እያገላበጠ።

«ሸህ ሙዘይን።»

«ቆይ እስቲ፤ እሳቸው በፉአድ መማለጃ የተገዙ አይደሉም? ጥቅሉ ውስጥ የነበረው ታዲያ ምንድን ነው?»

ይማም ዝም ማለት ይችል ነበር። ካራው ተሰብስቧል፤ በጉም ተርፏል። ወሬው ሽማግሌው ላይ ቢቀር እውነቱን የሚያውቀው ፉአድ ብቻ ነው፤ እሱም ምሏል።

«የእኔ ካራ» አለ። «የእኔን ነውር ነበር የደበቁት። ለሁሉም ንገር።»

መግሪብ ሲባል ይማም አሥራ ሦስቱን ካራ ታቅፎ ሸሁ ደጃፍ ደረሰ። ሸሁ ጾማቸውን በቴምር ሊያፈጥሩ ነበር። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት።

«አፉ በሉኝ» አለ እያለቀሰ። «ስምዎን ከአፈር ደባለቅሁት። አንዲት ቃል ተናግረው ቢሆን እኮ...»

ሸህ ሙዘይን አንዷን ቴምር ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ሰጡት። «የሰው ነውር እጅህ ሲገባ አደራ ነው» አሉ። «አደራ የሚመለሰው ለባለቤቱ ነው እንጂ ለገበያ አይደለም።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የሸሁን ዝምታ እንደ ቸልታ አንቁጠረው። ነውር ሸፍነው አልተኙበትም፤ ጊዜ ቆርጠው ለባለቤቱ መለሱት፤ የእንስሳውንም ሐቅ አልረሱም። እኛ ግን የሰው ጉድለት እጃችን የገባ ዕለት ወይ ወደ አደባባይ እንሮጣለን፣ ወይ «ምን አገባኝ» ብለን እንተኛለን። ቀጥ ብለን የባለቤቱን በር የምናንኳኳ ጥቂቶች ነን። ይማም ጥፋቱን ሌላ ሰው ቢናገርበት ኖሮ ውርደት ይሆን ነበር፤ በገዛ አፉ ሲናገረው የንስሐ ተውበት ሆነለት። ሽማግሌው ስማቸውን ለማጥራት የዚያን ነጭ ጥቅል አንዲት ቋጠሮ መፍታት ይበቃቸው ነበር። የይማም የልጅ ልጆች በዚያች ከተማ ሁለት ነጥብ እየመቱ ካራ የሚሸጡት፣ ሰዉም አምኖ የሚገዛቸው፣ ያቺ ቋጠሮ በዚያ ቀን ሰው ፊት ስላልተፈታች ነው።