እግዜርን የተቀየመችው ቆቅ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ ያንቀላፋም ይንቃ።

ዱሮ ዱሮ፣ አውሬውም ወፉም በአንድ ቋንቋ ሲነጋገር፣ እመት ቆቅ የምትባል ወፍ በቆላ ሣር ውስጥ ትኖር ነበር። ስትነሣ «ተመስገን»፣ ስትተኛ «ተመስገን» የምትል እናት ነበረች። አንድ በጋ ውሃ ልትጠጣ ወንዝ እንደወረደች ሰደድ እሳት ተነሣ። ስትመለስ ጎጆዋም አመድ፣ ጫጩቶቿም አመድ ሆነው ጠበቋት። እመት ቆቅ አመዱ ላይ ክንፏን ዘርግታ ተኛች። «ተመስገን» ማለትም ተወች።

መጀመሪያ አባ ጉሬዛ ነጭ ካባቸውን አስተካክለው ከዛፍ ወረዱ።

«ልጄ፣ አንድ የበደልሽው ቢኖር ነው እንጂ እግዜር በከንቱ አይቀጣም» አሏት።

«እኔስ በደልኩ እንበል፤ ትናንት ከእንቁላል የወጡት ምን በደሉ፣ አባቴ?»

አባ ጉሬዛ ካባቸውን ሰብስበው ወደ ዛፋቸው ተመለሱ።

ቀጥሎ አያ ቁራ መጣ።

«አዬ ሞኝ! ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር በርሬዋለሁ፤ ማንም የለም። እግዜር ቢኖር ይሄን ዝም ብሎ ያይ ነበር?»

«እውነትህን ነው መሰለኝ፤ የለም» አለች። አለች እንጂ ልቧ አልቀለላትም፤ እንዲያውም ብርድ ብርድ አላት። ቁራም የሚለውን ብሎ በረረ።

በመጨረሻ እትዬ ኤሊ እየተንፏቀቀች ደረሰች። ድንጋይ ልብሷን እሳቱ ለብልቦታል። አጠገቧ ተኝታ አብራት አለቀሰች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ለምን ሆነ?» አለቻት ቆቅ።

«አላውቅም፣ እህቴ። እኔም እግዜርን ጠይቄው አልመለሰልኝም።» ብላ ቀጠለች፦ «ስመጣ ግን ከዚያ ቋጥኝ ሥር እናቷ የተቃጠለችባት የጅግራ ጫጩት ስታለቅስ አገኘሁ። ላቅፋት ብዬ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ድንጋይ አያሞቅ!»

«እግዜር ካለ እሱ ያሙቃት!» ብላ ቆቅ ፊቷን አዞረች።

ነፋሱ እየቀዘቀዘ መጣ። እመት ቆቅን የእናት አንጀት አላስችል አላት፤ ተነሥታ ሄዳ ጫጩቷን ከክንፏ ሥር አስገባቻት። ያ ትንሽ ልብ ደረቷ ላይ ሲመታ፣ ቀና ብላ ወደ ሰማይ ጮኸች፦

«ልጆቼንስ ለምን? ለምን ዝም አልክ? ተቀይሜሃለሁ፤ ትሰማኛለህ?»

ኤሊ በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች።

«እህቴ፣ የሌለን ማን ይቀየማል? ተቀየሚው፤ እሱ ይችለዋል። ብቻ እሱን ማናገሩን አትተይ።»

እመት ቆቅ ልጆቿን አልረሳችም፤ መልሱንም አላገኘችም። የጅግራዋ ጫጩት ግን አደገች።

ላዘነ ሰው፣ ከሺህ መላሽ አንድ አብሮ አልቃሽ። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ሂዱና ያዘነ ጎረቤታችሁን ጠይቁ።