የሌላ ሞተር ልክ

አንድ ገበሬ ነበር፤ ደምለው ይባላል። በወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። በናፍጣ የምትሠራ አንዲት ነጭ የጭነት መኪናና ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ታላቁ አስናቀ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሲቆጡት የሚፈጥን ሰው ነው። መኪናዋን ለዓመታት ሲነዳ ቆይቶ አገባና ወደ ሚስቱ አገር ሄደ። ቁልፉ ለታናሹ ለይሁኔ ደረሰ።

ይሁኔ ነገር አሰላስሎ የሚሠራ ወጣት ነው። ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም። አባቱ ግን ታላቁን ባሳደገበት እጅ ያዘው። ያንኑ ቁጣ፣ ያንኑ ጥድፊያ፣ ያንኑ ሸክም ሰጠው። «ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣችሁት፤ እሱን ሰው ያደረገ አንተንም ያደርጋል» ይለው ነበር። ይሁኔ ሲጮኹበት የያዘውን ይጥላል። አምና የሚያውቀውን ዘንድሮ መርሳት ጀመረ። አባትየው ይህን ስንፍና አለው።

ሽንኩርቱ ተነቅሎ ማሳው ላይ በተከመረበት ሰሞን መኪናዋ አልነሳ አለች። ሰማዩ ያለ ወሩ ደመና ቋጥሯል። የተነቀለ ሽንኩርት ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል። መካኒኩ መጥቶ ሲመረምራት ቆየና፣ «ሞተሩ ጤነኛ ነው። የሞተው ኮምፒውተሩ ነው። ሞተሩ መቼና ምን ያህል ናፍጣ መጠጣት እንዳለበት የሚነግረው ሳጥን ማለት ነው። ሌላ ይገኛል። ግን ከመግዛትህ በፊት የዚህን ጽሑፍ አንብብ» አለው።

ሳጥኑ ጋቢናው ውስጥ፣ ከመሪው በታች ጥግ ላይ ታስሯል። ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ወደ ብረቱ ዞሯል። ብሎኖቹም ዝገዋል።

«የገዛ መኪናዬን አውቃታለሁ» አለ ደምለው። «እስከ ዛሬ ጽሑፏን አንብቤ ነው የነዳኋት?»

ከተማ ወርዶ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣ ከሌላ ነጭ መኪና ላይ የተፈታ መልኩ አንድ የሆነ ሳጥን ይዞ ተመለሰ። ደምለው ከላዩ ላይ ቆሞ ስላጣደፈው፣ መካኒኩ አሮጌውን ሳይፈታ ገመዱን ብቻ ነቅሎ አዲሱ ላይ ሰካው። መኪናዋ ተነሳች። ሽንኩርት ጫኑባትና ይሁኔ ነዳት። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ጮኸች፤ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ተንቀጠቀጠችና ጠፋች።

«ምን አደረግካት?» አለ ከጎኑ የተቀመጠው አባቱ።

«ምንም አላደረግኳት አባዬ። ያለ ልኳ የምትጎርስ ትመስላለች።»

«በወንድምህ እጅ ሳለች እንዲህ ሆና አታውቅም። ነገ ከተማ ደርሼ እመጣለሁ። ሽንኩርቱ ከበሰበሰ ቁልፉን ለአጎትህ ልጅ እሰጣለሁ። አንተም እንጀራህን ሌላ ቤት ፈልግ።»

ይሁኔ መኪናዋን ቁልቁል ወደ ኋላ ለቆ እስከ ደጃቸው መለሳት፤ ሽንኩርቱንም አራገፈ።

በማግሥቱ ደምለው የገዛውን ሳጥን ይዞ ወደ ሻጩ ወደ ሐጂ ሙዘይን ሄደ። ሱቃቸው ረጅምና ጨለም ያለ ነው። ከመኪና የተፈቱ ሳጥኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል።

«ሐጂ፣ የሸጡልኝ በሽተኛ ነው።»

ሐጂ ሳጥኑን ገለበጡና ጽሑፉን አዩ። «ያንተው ላይ የተጻፈውስ ምን ይላል?»

«ነጭ ናት። ስድስት ጎማ አላት። ከዚያችኛዋ ጋር መንታ ናቸው።»

ሐጂ ሳቁ። «ወንድሜ፣ ማን ናት ብልህ ልብሷን ትነግረኛለህ። መንታ የሚመስሉ መኪናዎች ሆዳቸው ይለያያል። ይህ ሳጥን የኖረው ሆዱ ትልቅ ከሆነ ሞተር ጋር ነው። አንተ ዘንድ መጥቶም የለመደውን ልክ ያጠጣል። ያንተ ሞተር ያን አይችልም፤ ይታፈናል፣ ይጨሳል። ሳጥኑ በሽታ የለበትም። ሞተርህም ሰነፍ አይደለም። የሌላውን ልክ ሰጥተኸው ነው።»

 ሐጂ ለቀትር ሶላት ሲወጡ ደምለው ከረጢት ላይ ተቀመጠ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን እንደ ክር ይወርዳል። በክሩ ውስጥ አቧራ ይዋኛል። ሙቀቱ ያዘውና አሸለበው።

በሕልሙ ሳጥኖቹ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ። አንዱ «እኔ የጨው መንገድ አውቃለሁ» አለ። ሌላው «እኔ አሸዋ ሳመላልስ ኖርኩ» አለ። ሦስተኛው «እኔ ሠርገኛ ጭኜ በዳገት እዘፍን ነበር» አለ። ደምለው በመካከላቸው ሄደ። ወለሉ ወለል አልነበረም፤ በውኃ ውስጥ የሚወዛወዝ የሽንኩርት ቅጠል ነበር።

«ማንን ትፈልጋለህ?» አሉት ሁሉም።

«የኔን።»

«ያንተ ማን ነው?»

ሊመልስ አፉን ሲከፍት አቧራ ሞላው። ከሁሉም ጀርባ አንድ የማያጉረመርም ሳጥን አየ። አነሳው፤ እንደተኛ ሕፃን ይሞቃል። በእጅጌው ቢጠርገው ከአቧራው ሥር የይሁኔ ግንባር ወጣ። በግንባሩ ላይ እንደ ጉንዳን መንገድ የቀጠነ ጽሑፍ አለ። ሊያነበው ሲቸኩል ፊደሎቹ ሸሹት። ሲቆም እነሱም ቆሙ። ገና ከመጀመሪያው ፊደል ላይ ሳለ ነቃ።

«በራስህ ሳጥን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘህ ና» አሉት ሐጂ፣ ከደጅ ሲመለሱ። «እስከ መጨረሻዋ ፊደል።»

ቤቱ ሲደርስ ይሁኔ ክምሩን በሸራ አልብሶ ነበር። ጓዙንም አስሮ በሩ ላይ አስቀምጧል። ደምለው ጓዙን አየው።

«መስታወት አምጣ» አለው።

አባትና ልጅ ጋቢናው ውስጥ በጀርባቸው ተጋደሙ። ራሳቸው ከመሪው ሥር ነው፤ እግራቸው በበሩ ወጥቷል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ስታልፍ ቆመች።

«ምነው አያ ደምለው፣ በቀን ብርሃን ተኛችሁ?»

«እያነበብን ነው።»

«አንተ? ደመናው ያለ ወሩ የመጣው ለካ በዚህ ነው» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ይሁኔ መስታወቱን በብረቱና በሳጥኑ መካከል አሾልኮ፣ ናፍጣ በነካ ጣቱ አቧራውን ጠረገ። ጽሑፉ በመስታወቱ ውስጥ ተገልብጦ ታየ። ይሁኔ አንድ ፊደል ያነባል፤ ይቆማል፤ ሌላውን ያነባል። ደምለው «ቶሎ በል» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። የሰማውን በመዳፉ ላይ ጻፈ። ይሁኔ ከጨረሰ በኋላ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ደግሞ አነበበው፤ ሁለቱም ገጠሙ።

ወዲያው አልተነሱም።

«ወንድምህን ስቆጣው ይፈጥን ነበር» አለ ደምለው።

«አዎ፣ አባዬ።»

«አንተስ?»

ይሁኔ እንደ ልማዱ ዘገየ። አባቱ ጠበቀው። አንዲት ዝንብ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበትና በረረች።

«ስትቆጣኝ የማውቀው ይጠፋብኛል። ቀስ ብለህ ከነገርከኝ ግን አልረሳም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

 ደምለው ተነሳና የታሰረውን ጓዝ ራሱ ተሸክሞ ወደ ቤት አስገባው።

ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ ፊደል የገጠመው ሳጥን ከሐጂ መደርደሪያ ተገኘ። ሲሰካ መኪናዋ ከእንቅልፏ ቀስ ብላ እንደነቃች ሆና ተነሳች። ጭስ አልነበራትም። እስከዚያ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከሽንኩርቱ ጥቂቱ ተበላሸ፤ የቀረውን ጫኑት። ዳገቱ ላይ ይሁኔ ማርሹን አስናቀ በሚቀይርበት ቦታ አልቀየረም፤ ቀደም ብሎ ቀየረ። ደምለው አየውና ወደ ኋላ ተደገፈ። ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ መኪናዋ በደመና ላይ የምትሄድ ትመስላለች። ደምለው በልጁ አጠገብ እንቅልፍ ወሰደው።

ብዙ አባት፣ ብዙ መምህር፣ ብዙ አለቃ የሰውን መልክ አይቶ የሌላውን ልክ ያጠጣዋል። ሲታፈን ሰነፍ ይለዋል። ከአንድ ቤት የወጡ ሰዎች ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ፤ ማንነታቸው የተጻፈበት ፊት ግን ወደ ውስጥ የዞረ ነው። እሱን ለማንበብ ከቆሙበት ዝቅ ማለትና መታገሥ ይጠይቃል። ሳያነቡ መስፈር ጤነኛውን ያበላሻል።

አንተስ፣ በቤትህ ሰነፍ ያልከውን ልጅ የማንን ልክ እያጠጣኸው ነው?