የደብሪቱ ቀይ ዘር

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከጎረቤቱ አልፎ የገዛ ጥላውን በሚጠረጥርበት አገር፣ ደብሪቱ የምትባል ስፌት ሰፊ ነበረች። መሶቧ ከሩቅ ይለያል። የሌላዋ ሴት ቀይ አለላ ሁለት ክረምት ሳያይ ሲወይብ፣ የደብሪቱ ግን ባለቤቱ አርጅቶ ቀይነቱ አያረጅም ነበር። ሣሩን በምን እንደምትነክረው ለማንም አልተናገረችም። ስትነክር በሯን ትቀረቅራለች፤ የቀቀለችውን ነገር ዝቃጭ እንኳ ጓሮዋ ተደፍቶ ያየ የለም።

ታማ ነገሩ ሲከፋ ታላቅ እህቷን ወይዘሮ ላቀችን አስጠራች።

«ቀዩ ከጣራው ስር ከተንጠለጠሉት ዘጠኝ ቋጠሮዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ለሚገባት ለአንዲት ብቻ ስጪ። ለሦስት ከተካፈለ ገበያው ሁሉ ቀይ ይሆንና ቤቴ ጦሙን ያድራል።»

«የትኛው ቋጠሮ?» አለች ላቀች።

ደብሪቱ በሩን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እህቷን አየች። ሳትናገር አረፈች።

ያች የመጨረሻ እይታ ላቀችን አንገበገበቻት። «ስልሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ እኔንም?» እያለች አለቀሰች። እሷ ራሷ ግን ማንን ታምን ነበር? «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ሳትል ጉርሻ የማትውጥ ሴት ናት።

ዘሩን የሚጠብቁት ሦስት ናቸው፤ የደብሪቱ ታላቅ ልጅ አበዛሽ፣ ታናሿ ስንዱ፣ የወንድ ልጇ ሚስት ማንጠግቦሽ። ሦስቱም ከወስፌ በቀር መተዳደሪያ የላቸውም። በየቋጠሮው ላይ የመንደሩ ዲያቆን ደብሪቱ እንደነገረችው የጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ታስራለች፤ ፌጦ ትላለች፣ አብሽ ትላለች፣ ሱፍ ትላለች። ቀይ የምትል የለችም። አርባዋ ከወጣ በኋላ ሁሉንም ጓሮ ውስጥ ዘሩት። ስምንቱ እንደ ስማቸው በቀሉ። «ድንብላል» ከተባለው ቋጠሮ ግን ቅጠሉ ሻካራ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ማንም የማያውቀው ነገር ሁለት እግር ብቻ በቀለ።

ላቀች ከተክሉ ይልቅ ሦስቱን ሴቶች ማየት ጀመረች። አንዳቸው ዘሩን ለውጣው ይሆን?

በዚያው ሳምንት የጎረቤት ፍየል አጥር ጥሳ ገብታ ከቅጠሉ ቀነጠሰች፤ ስትወጣም አረፋ ደፍቃ ወደቀች። መንደሩ ዶማ ይዞ መጣ። «መርዝ ነው! ይነቀል!» አሉ። አበዛሽ ከፊታቸው ቆመች። የሁለት ልጆች እናት ናት። «እናቴ መርዝ ቋጥራ ልጆቿ ከሚተኙበት ጣራ ስር አትሰቅልም» አለችና ቅጠሉን ቀጥፋ አላምጣ ዋጠች። «ብሞት ቅበሩኝና ንቀሉት። ካልሞትኩ ማንም አይነካውም።» ሰዉ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። እሷም ሰፌዷን አምጥታ መስፋት ያዘች፤ ወስፌው ሁለት ጊዜ ወጋት። አልሞተችም። ፍየሏ ቀድማ የማንን ጓሮ እንደበላች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ላቀች አቅፋ ሳመቻት። ወዲያው ደግሞ፣ «መርዝ አለመሆኑን አስቀድማ ታውቅ ይሆን እንዴ?» አለች በሆዷ።

ማንጠግቦሽ ደግሞ አንድ ማለዳ ማንንም ሳታማክር አንዱን እግር ከነሥሩ ነቀለችው።

«አንቺ ባዕድ! ማን ፈቀደልሽ?» ብላ ላቀች ጮኸችባት።

ማንጠግቦሽ ሥሩን አሸተተች፣ ቤቷ ገባች፣ መሶቧን ይዛ ወጣች። ደብሪቱ በሠርጓ ቀን የሰጠቻት ነው፤ በቤቷ ከሱ ሌላ ጌጥ የላትም። «ይህ መሶብ ውሃ ሲነካው የሚሸተኝ ይኸው ሽታ ነው» አለችና በምላጭ ስፌቱን ከአፉ እስከ ግርጌው ተረተረችው። ከስፌቱ ውስጥ፣ ሣር ብቻ መኖር በሚገባው ቦታ፣ የተቀቀለ ቀጭን ሥር እየተመዘዘ ወጣ። ደብሪቱ ዝቃጩን ሰው እንዳያይባት መሶቡ ውስጥ እየሰፋች ስትቀብረው ኖራለች! ዲያቆኑም ተጠርቶ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? ድንብላል ብለህ ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ» አለ። ስሙን የለወጠችው ራሷ ደብሪቱ ነበረች።

ሥሩን ቀቀሉት። የወጣው ግን እንደ ጎርፍ የደፈረሰ ውሃ ነው፤ ሣር ቢነክሩበት ቡናማ ሆኖ ቀረ። ማንጠግቦሽ የፈረሰውን መሶቧን ታቅፋ አለቀሰች። ያኔ እስከዚያች ሰዓት ከጥግ ተቀምጣ የነበረችው ስንዱ ተነሣች። ከምድጃው አመድ ዘግና በውሃ በጠበጠች፣ አጠለለች፣ ድስቱ ላይ ጨመረችው። ድስቱ ደም መሰለ።

«ልጅ ሆኜ በግድግዳው ቀዳዳ አይቻታለሁ» አለች። «ያዘችኝና እንዳልናገር በገብርኤል አስማለችኝ። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ።» በዚያ አገር መሐላ ያፈረሰ ሰው እጁ ይከዳዋል ይባላል፤ ስንዱም በእጇ የምትኖር ሴት ናት።

ላቀች ትኩር ብላ አየቻት። «እህትሽ ቅጠሉን ስታላምጥ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያየሁት ድስቱንና አመዱን ነው፤ ተክሉን አላየሁም፣ አክስቴ።»

«እውነትሽን ነው?»

«መሐላ አፍርሻለሁ፤ እንግዲህ በምን ልማልልሽ?»

የቀረው አንድ እግር አፈራ። ጠቅላላ ዘሩ አንድ ጭብጥ ሆነ። ላቀች በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ሦስቱን ፊቷ አስቀመጠች።

«እኔ ባልኖር በዶማ ይነቀል ነበር» አለች አበዛሽ።

«እኔ ባልኖር አረም ተብሎ ይቀር ነበር» አለች ማንጠግቦሽ።

«እኔ ባልኖር ውሃው ይደፋ ነበር» አለች ስንዱ።

ላቀች በሩን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ሦስቱን ሴቶች አየች። እንደ እህቷ እያየች መሆኗን ያወቀችው ይሄኔ ነው፤ ደነገጠችም፣ አዘነችላትም። ቋጠሮው በእጇ ላብ እየራሰ ነው፤ ዘር ደግሞ እርጥበት አይወድም፣ ብዙ ሊቆይ አይችልም።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ እንግዲህ። አንዷ ነፍሷን ሰጠች፣ አንዷ መሶቧን ሰጠች፣ አንዷ መሐላዋን ሰጠች። ቋጠሮው ለማን ይገባል?