ያልተሰፋው ስንዝር

በወይራ አምባ ከተማ መሀል፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ ውስጥ፣ አደይ አበባ ታቅፋ የቆመች ፊት የሌላት ልጅ አለች። አካሏ ሲሚንቶ ነው፤ ከአንገቷ በላይ ግን ጆሮዎቿና ሹሩባዋ ብቻ ቀርተው፣ ዐይንና አፍንጫ መኖር በነበረበት ቦታ ሻካራ ቀይ ሸክላ ይታያል። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ መናፈሻው ለበዓል እስኪያጌጥ ድረስ በጨርቅ ትሸፈናለች፤ የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ትገለጣለች። ጨርቁ ግን እስከ መጨረሻው አይሰፋም፤ በፊቷ ትክክል አንድ ስንዝር ክፍት ይተዋል። እንግዳ ሰው አይቶ «ክር አለቀባችሁ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የከተማው ሰው «የአንጓች ስንዝር ናት፣ አትነካም» ብሎት ያልፋል። ለምን እንደማትነካ የሚያውቅ ግን ዛሬ ጥቂት ነው፤ የሚያውቁትም አንድ ዓይነት አይናገሩም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የሆነው በጠቅላይ ግዛት ዘመን፣ መናፈሻው በተተከለበት ዓመት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ግራዝማች ተድላ ለዘመን መለወጫ የሚመረቅ ሐውልት አምሯቸው፣ አካሉን አንድ ግንበኛ በሲሚንቶ እንዲያቆም፣ ፊቱን ደግሞ የሸክላ ሰፈሯ አንጓች እንድትሠራ አዘዙ ይባላል። አንጓች ጋንና እንስራ ሠሪ ነበረች። የከተማው ሰው ከእጇ በወጣው እንስራ ውሃ እየጠጣ፣ እሷን ግን «ቡዳ ናት» እያለ ከደጁ አያሳልፋትም ነበር፤ ግራዝማችም የመረጧት ሌላ ሰው ቢያጡ ነው ይላሉ። እሷ ግን ሁለት ወር ሙሉ ደክማ፣ ሠርታና ተኩሳ፣ በነሐሴ መጨረሻ ፊቱን በሣር ጠቅልላ አመጣችው። ግንበኛው በቦታው አጣብቆ ከመሰላሉ ከወረደ በኋላ ብዙ ቆሞ አየውና «ይህች ልጅ አሁን ትጠራኛለች» አለ ይባላል።

ግራዝማች ግን የክብር እንግዳው ከጠቅላይ ግዛቱ መጥቶ ሳይገልጣት ማንም እንዳያያት፣ በተለይም የሠሪዋ ዐይን እንዳያርፍባት አሉ። ስለዚህ የከተማዋን ልብስ ሰፊ ደብሪቱን አስጠርተው፣ በወፍራም አቡጀዲ ከራስ እስከ እግር ጠቅልላ እንድትሰፋት አደረጉ። ደብሪቱ የእናቴ እናት ናት።

እንግዳው ለእንቁጣጣሽ ሳይመጣ ቀረ። መንገዱ ጭቃ ነው ተባለ። ምረቃው ለመስቀል ተዛወረ፤ ለመስቀል ስብሰባ ያዘው ተባለ። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ እየተባለ ዓመት ሞላ። እኔን የሚያበግነኝ ግን መዘግየቱ አይደለም፤ በየበዓሉ ያንን ጥቅል ማስጌጣቸው ነው። ለእንቁጣጣሽ እርጥብ አደይ ከነቄጠማው ደረቡበት፤ ለገና የጥድ ቅርንጫፍና ቀይ አረንጓዴ አምፖል ጠመጠሙበት፤ ሕዝቡም ከሥር ምን እንዳለ ሳያውቅ ተሰብስቦ አደነቀ። ጎረምሶች «ሙሽሪት» የሚል ስም አውጥተው «ዘንድሮም ሚዜዎቹ ቀሩ?» እያሉ ሲያልፉ፣ አንዲት ጠላ ሻጭ «ተዉአት፤ እኔም ባሌን ሳላይ ነው የተዳርኩት፣ ማየቱ ምን ሊጠቅማት!» ትላቸው ነበር ይባላል።

አንጓች ወደ አያቴ ደጅ የመጣችው በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ሲገባ ነው። «ግቢ» ያላት የለም፤ ከበሩ ደፍ ወዲያ ቆማ ተናገረች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ አንድ ስንዝር ብቻ ይተርትሩልኝ። ጨርቁ የነሐሴንም የመስከረምንም ዝናብ ጠጥቷል፤ ሸክላው መተንፈሻ የለውም። እርጥብ እንዳለ ውርጭ ካገኘው ይላጣል።»

«ግራዝማች ሳያዝዙ? አንቺ ሴትዮ፣ ከእንጀራዬ ልታፈናቅዪኝ ነው የመጣሽው?»

«እኔ አልነካውም። እርስዎ ይተርትሩት፣ እኔ ከሩቅ እቆማለሁ።»

«ለአንድ ሸክላ ይህን ያህል!»

በእኛ ቤት ሲነገር ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል። በሸክላ ሰፈር ግን ይቀጥላል። አንጓች «ሸክላ ብቻ አይደለም፣ እትዬ። የሽታዬ ፊት ነው» አለቻት ይላሉ። ሽታዬ ከሦስት ዓመት በፊት ኩፍኝ የገደላት አንድ ልጇ ነበረች። በሸክላ ሰፈር ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ስላልነበረ፣ መልኳ ከእናቷ ልብ ሳይቀር እየደበዘዘ ሄዶ ነበር፤ እናቲቱ የቀራትን ሁሉ፣ የግራ ቅንድቧን ጠባሳ እንኳ ሳትተው፣ በዚያ ጭቃ ላይ አኖረችው። ከጨርቁ ሥር ካለው በቀር በዓለም ላይ የሽታዬ መልክ የለም። አያቴ ይህን ሰምታ «ትእዛዝ ነው» ብላ በሩን ዘጋች ይባላል። ይህን የነገሩኝ የሸክላ ሰፈር ባልቴት ሊያጽናኑኝ ብለው «አያትሽ ክፉ አልነበሩም፣ ልጄ፤ ፈሪ ነበሩ» አሉኝ። አልተጽናናሁም።

ኅዳርና ታኅሣሥ በውርጭ አለፉ። እንግዳው በዓመቱ፣ በሌላኛው እንቁጣጣሽ መጣ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ንግግር አደረገ፤ ከዚያ ገመዱን ቢስብ ጨርቁ እንቢ አለ፤ ተሰፍቷላ! አያቴ ከነመቀሷ ተጠራች። ከላይ እስከ ታች ቀድዳ ጨርቁን ስትገፈው፣ ፊቱ ከጨርቁ ጋር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ከእግሯ ሥር ረገፈ።

ሕዝቡ ስብርባሪውን ለማየት ተንጠራራ። እንግዳው ግን በፊት አይቷት አያውቅምና፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ «ግሩም ነው! ፊት የሌላት መሆኗ ሁላችንንም ትወክላለች ማለት ነው» አለ። ግራዝማች አጨበጨቡ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አያቴም መቀሷን በብብቷ ይዛ አጨበጨበች፤ ብዙ ነገር ብትደብቀንም ይህችን አልደበቀችም።

አንጓች ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ነበር። ሰው ሲበተን መጥታ ስብርባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ለቀመችው። አያቴ ልታግዛት ጎንበስ ብትል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» ሳትላት «ተዪው። አሁን ምን ይተረተራል?» አለቻትና ሄደች። ዳግመኛም ወደ መናፈሻው አልመጣችም ይባላል።

በቀጣዩ ጳጉሜን ግራዝማች ሐውልቷ ለበዓሉ ትሸፈን ብለው ሲያዝዙ፣ አያቴ ጨርቁን ሰፍታ በፊቷ ትክክል አንድ ስንዝር ተወች።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«መተንፈሻ ነው፣ ጌታዬ።»

«ፊት ለሌላት?»

«አዎ፣ ፊት ለሌላት።»

«ዝጊው!»

«ሌላ ሰፊ ይፈልጉ።»

ሌላ ሰፊ በከተማው አልነበረም። ስንዝሯም እንዲሁ ልማድ ሆና ቀረች። ሰዎች ይህን ሲተርኩ የአያቴን ድፍረት ያደንቃሉ፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የሚቆጠቁጠኝ ያ ድፍረት ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ቀድሞ ኅዳር ላይ ቢመጣ፣ ዛሬ የምንተርከው ተረት አይኖርም ነበር፤ ሽታዬ ግን ትኖር ነበር።

ዛሬ መናፈሻው በመስከረም በመብራት የተሠራ ጣዎስና የፕላስቲክ አደይ ይሞላል፤ ወጣቶችም ከሐውልቷ ይልቅ ከጣዎሱ ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ዘንድሮ መሸፈኛው ሸራ ከሌላ ከተማ ተሰፍቶ መጣ፤ ስንዝሯ የለችም። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ብናገር፣ በዓሉን የሚያስተባብረው ወጣት ከስልኩ ቀና ብሎ «እናት፣ ዲዛይኑ ጸድቋል። ከበላይ አካል ካልተፈቀደ አንነካውም» አለኝ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን ቃሉ ቀድሞ ከአያቴ አፍ የወጣ ስለሆነ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጳጉሜን አራት ጠዋት፣ ሸራው በፊቷ ትክክል አንድ ስንዝር ተቀድዶ ተገኘ። ማን እንደቀደደው አይታወቅም ይባላል። አያቴ ብትሆን ክሩን አንድ በአንድ ፈትታ ቀጥ ታደርገው ነበር፤ ይህኛው ጠማማ ነው፣ ከደብሪቱ መቀሷን እንጂ እጇን ያልወረሰ ሰው የሠራው።