የውሸታምን ምላስ የሚያስረው ክታብ

ባቲ ገበያ ላይ አሮጌ የብር ጌጥ የምትሸጥ አንዲት ምላሷ የሰላ ባልቴት ነበረች። ብሩን በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ ዕድሜውን ትናገራለች፤ እሷ ያለችውን ገበያው ሁሉ ያምናል።

አንድ ቀን ፊታውራሪ አመዴ አስጠሯት። ለልጃቸው ሚስት ሊያጩ ነውና የልጅቷን ወላጆች ጋብዘው፣ የዓረብኛ ጽሕፈት የተቀረጸበት፣ የድስት ክዳን የሚያህል የብር ክታብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተኮፍሰዋል።

«ይህን ለጥንት አባቶቼ የሸለሙት ሱልጣን ናቸው!» አሉ። «ሦስት መቶ ዓመቱ ነው። ጽሕፈቱማ አይጣል ነው፤ እሱ ባለበት የሚዋሽ ሰው ምላሱ እዚያው ይታሰራል። በይ ዳብሺውና ለእንግዶቼ መስክሪ። አዲስ ነው ብትይ ግን ባቲ ገበያን ዳግመኛ አትረግጪያትም!»

ባልቴቷ ተጠግታ ዳበሰችው። የቆየ ብር ይለሰልሳል፤ የዚህ ፊደል ግን ጣት ይቧጥጣል። አሮጌ እንዲመስል የተቀባው ጥላሸትም የፊታውራሪን ነጭ ኩታ አጥቁሮ፣ አሁን ደግሞ የእሷን አውራ ጣት አጠቆረ። አሮጌ ነው ብትል መዋሸቷ ነው፤ አዲስ ነው ብትል እንጀራዋ ቀረ። እንግዶቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

«ጌታዬ፣» አለች ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ዕድሜውን እንኳ ይተዉት፤ እኔን ግራ የገባኝ ምላስ ያስራል ያሉት ነው። ይኸው አንገትዎ ላይ ተንጠልጥሎ ያን ሁሉ ሲናገሩ ዝም ብሎ ሰማዎት። ወይ ገና ሥራውን አልለመደም፣ ወይ ደግሞ እንደኛው እርስዎን ይፈራል።»